ላጲስ ያልነካው ደብተር

ከኩሮታኒ መንደር ወደ ከተማ የሚወርደው አውቶቡስ ዋሻውን በሁለት ደቂቃ ያልፈዋል። ቺዙሩ ከእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ጥቂቱን የምታሳልፈው ትንፋሿን ይዛ ነው። ከመግቢያው አርባ ሦስተኛው መብራት ላይ ስትደርስ ትይዛለች፤ ሃምሳኛው ላይ ትለቃለች። በሁለቱ መሃል ያለው የግድግዳ ሲሚንቶ ዘግይቶ የተለሰነ ስለሆነ ከሌላው ነጣ ይላል። አባቷ ኖቡሂሮ የሞተው እዚያ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ከገባች ጀምሮ በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ስትሄድም ስትመለስም፣ አባቷ የሞተበትን ቦታ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታልፈዋለች። ሲሞት የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ልጅ ነበረች፤ የምታውቀው በፎቶ ብቻ ነው። አውቶቡሱ ጨለማው ውስጥ ሲገባ መስኮቱ መስታወት ይሆንና ፊቷን ያሳያታል። ዓይኑ የራሷ ነው፣ አፍንጫው የእናቷ፣ አገጩ ግን የፎቶው ሰውዬ ነው። አንድ ዝናባማ ጠዋት ከኋላዋ ካለው ባዶ ወንበር እርጥብ ሲሚንቶ ሸተታት። ዞር አላለችም። ዞር ብላ ሰው እንዳታገኝ ፈራች፤ ዞር ብላ ማንንም እንዳታጣ ደግሞ የባሰ ፈራች።

እናቷ ታኤኮ በዋሻው አልፋ አታውቅም። ከተማ መሄድ ካለባት ትንሿን ጭነት መኪናዋን አስነስታ በአሮጌው የተራራ መንገድ፣ ያን ሁሉ ጥምዝምዝ ዞራ ነው የምትሄደው። በረዶ ሲወርድ አሮጌው መንገድ ይዘጋል፤ ያኔ ጭራሽ አትሄድም። አንድ ዓመት ጥርሷን አሟት በረዶው እስኪቀልጥ ሁለት ወር ሙሉ ጉንጯን በጨርቅ አስራ ከርማለች። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም፤ ኩሮታኒ ውስጥ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው የለማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሚቆፈር ዋሻ ውስጥ ሴት አትገባም። ተራራው ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ሴት ናት፤ ቀናተኛ ናት። ይህን የዩኒቨርሲቲ መሐንዲሱም ድንጋይ ጫኙም እኩል ያምኑበት ነበር፤ የማያምነውም ቢሆን አንሶ ላለመታየት ያከብረው ነበር። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ኅዳር ላይ ታኤኮ የባሏን ምሳ ይዛ ዋሻው ውስጥ ስትገባ ታየች። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ተራራው ወረደ። አራት ሰው ሞተ፤ አንዱ ባሏ ነበር። «ትናንት ገብታ ነበር» ብሎ መጀመሪያ የተናገረው የቆፋሪዎቹ አለቃ ጌንዞ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያልሰማ ሰው አልነበረም።

የኩሮታኒ ሰው ደግሞ ደግ ነው፤ ይሄን ልመስክርለት። አልሰደባትም፣ አላባረራትም። በክረምት ደጃፏን በረዶ ይጠርግላታል፤ ጎመን ሲደርስ በሯ ላይ አስቀምጦላት ይሄዳል። ግን በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ ዋሻው አፍ ላይ የአራቱ ሰዎች ስም ከተቀረጸበት ድንጋይ ፊት ሲሰበሰቡ፣ ታኤኮ የምትቆመው ከሰው ሁሉ ኋላ ነው። አበባዋን አስቀምጣ ዞር ስትል፣ ከሦስቱ መበለቶች አንዷ፣ ሺኖ የምትባለው፣ አበባውን ቀስ ብላ ታነሳና ጥግ ላይ ታደርገዋለች። አትጥለውም፤ መጣል ነውር ነው። እንዲህ ያለ ደግነት ከስድብ ይብሳል፤ ስድብስ መልስ አለው።

የሁለተኛ ደረጃ ሦስተኛ ዓመቷ መጀመሪያ ላይ ተማሪው ሁሉ ወደፊት ምን መሆን እንደሚፈልግ የሚሞላበት ወረቀት ታደለ። የቺዙሩ ጓደኞች አንዷ ነርስ፣ አንዷ ኬክ ጋጋሪ፣ አንዱ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ብለው ጻፉና ወደ ምሳቸው ሄዱ። እሷ አንድ ወር ሙሉ ወረቀቱን በቦርሳዋ ይዛ ዞረች። ከዚያ ሲቪል ምህንድስና ብላ ጻፈች። ሒሳብ ስለምትወድ ነው ብላ ለራሷ ነግራዋለች፤ ውሸት አይደለም፣ ግን እውነቱም እሱ አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ ተራራው ተቆጣ ሲባል ሰምታለች። ከመቆጣቱ በፊት ምን እንዳለ የነገራት ግን የለም፤ ማወቅ የፈለገችው እሱን ነው።

ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ሦስት ሆነው የሚነጋገሩበት ቀን ሲደርስ ታኤኮ በአሮጌው መንገድ ዞራ መጣች። ፍጅል በጨው የሚዘፈዝፍ ድርጅት ውስጥ ስለምትሠራ የቱንም ያህል ብትታጠብ ጣቶቿ ቀላ ያሉ ናቸው፤ ጉልበቷ ላይ ደራርባ ደበቀቻቸው። መምህር ኩዜ የሒሳብ መምህር ነው፤ ወፍራም፣ ላብ የማያጣው ሰው። ማራገቢያውን ወደ እንግዳዋ አዞረላት።

«ቺዙሩ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ናት። ፊዚክሱም አያሳስብም። ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ብትፈተን የሚያቅታት አይመስለኝም።»

ታኤኮ ጎንበስ ብላ አመሰገነች። ከዚያ ወረቀቱን አየች። «ይሄ ሲቪል የሚሉት... ቤት መሥራት ነው?»

«ቤትም አለበት። ግን በዋናነት መንገድ ነው፣ ድልድይ ነው፣ ግድብ ነው...» መምህር ኩዜ የቀረውን ቃል ዋጠው። ከልጅነቱ ጀምሮ የዚህ አገር ሰው ነው።

«ዋሻም አለበት» አለች ቺዙሩ።

«አይሆንም» አለች ታኤኮ።

እዚህ አገር ሰው አይሆንም አይልም። «እስቲ እናስብበት» ይላል፣ «ትንሽ ያስቸግራል» ይላል፣ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። መምህር ኩዜ ሃያ ዓመት ሲያስተምር አንዲት እናት ፊት ለፊቱ እንዲህ ስትቆርጥ አላየም ነበር። መሐረቡን አውጥቶ አንገቱን ጠረገ።

«ወረቀቱን የምንሰበስበው ከሐምሌው ዕረፍት መልስ ነው» አለ በመጨረሻ። «በፊርማው ቦታ የወላጅ ማኅተም ካልተመታበት ግን አልቀበልሽም ቺዙሩ፤ ከአሁኑ ልንገርሽ።»

ሲመለሱ ጭነት መኪናዋ ዳገቱን እያቃሰተች ትወጣ ነበር።

«ለምንድን ነው የማይሆነው?»

«አይሆንም አልኩሽ፣ አይሆንም ነዋ።»

«እማ፣ እነሱ የሚሉትን አንቺም ታምኛለሽ?»

ታኤኮ ማርሽ ቀየረች። «መስኮቱን ዝጊው፤ አቧራ ይገባል።»

መምህር ኩዜ ግን በዋዛ የሚተው ሰው አልነበረም። በዕረፍቱ መሃል፣ በጎረቤቱ ሸለቆ አዲስ ዋሻ የሚቆፈርበትን ቦታ እንዲያዩ አምስት ተማሪዎችን አስመዘገበ፤ ከአምስቱ አንዷ ቺዙሩ ናት። ሴት ከመሬት በታች እንዳትሠራ የሚከለክለው ሕግ ከተሻሻለ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ለእናቷ ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ አለቻት፤ ውሸቱ ሳይጎረብጣት ወጣ።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ጌንዞ ተቀምጧል። ሰማኒያ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ የትም አይሄድም፣ ማንንም አይጠብቅም፣ ግን በየጠዋቱ እዚያ አግዳሚ ላይ አይጠፋም።

«ወዴት ነው በቦቲ ጫማ?»

«ትምህርት ቤት አባባ።»

«በቦቲ? ትምህርት ቤቱን ጎርፍ ወሰደው እንዴ?» ብሎ በጥርስ አልባ አፉ ሳቀ። «ሰምቻለሁ። ኩዜ ለዓሣ ነጋዴው ነገረው፣ ዓሣ ነጋዴው ለዓለሙ ነገረው። ዋሻ ልትቆፍሪ ነው አሉ።»

«ልማር ነው።»

«ተማሪ! ማን ከለከለሽ? ከላይ ሆኖ የሚሠራ ስንት ነገር አለ፤ ድልድይ አለልሽ። ከሥር ያለውን ግን ተዪው።» ሳቁ ጠፋ። «እናትሽ ክፉ ሴት ናት አልልም። ጨዋ ናት። ግን ገባች፤ እግር አንዴ ከገባ ምን ይደረጋል? እነዚያን ልጆች በእነዚህ ነው ያወጣኋቸው።» ሁለት እጆቹን ዘረጋቸው። ሁለቱ ጣቶቹ ጥፍር የላቸውም። «አባትሽን ሦስተኛ ነው ያወጣሁት። እንቅልፍ የወሰደው ነበር የሚመስለው።»

ቺዙሩ ልትቆጣው ፈልጋ አቃታት። ሰውዬው አይዋሽም፤ ያየውን ነው የሚያወራው፣ የሚያምነውን ነው የሚናገረው። ውሸታም ቢሆን ይቀላት ነበር።

ቁፋሮው ቦታ ላይ የተቀበለቻቸው መሐንዲስ ሪትሱኮ ትባላለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ አጭር ናት፣ ድምፅዋ ግን ከቁመቷ ይበልጣል። ሄልሜት አደለቻቸውና «እኔ እዚህ ስገባ ስወጣ ሦስት ዓመቴ ነው» አለች። «ተራራዋ ቀንታብኝ እንደሆነ ገና አልነገረችኝም።» ልጆቹ ሳቁ። ቺዙሩ አልሳቀችም።

ውስጡ ይንጠባጠባል፣ ይቀዘቅዛል። ሪትሱኮ ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ የተተከሉ ትንንሽ ችካሎችን በባትሪ አሳየቻቸው።

«ተራራን ስትቆፍሩት ባዶውን ሊሞላ ይገፋል። መግፋቱ አይቀርም፤ ጥያቄው ስንት ነው የሚለው ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ ከዚህ ችካል እስከዚያ ችካል እንለካለን። ዛሬ ስድስት ሚሊሜትር ጠበበ፣ ነገ አራት፣ ከነገ ወዲያ ሁለት። ምን ማለት ነው?»

«እየተወ ነው» አለ አንዱ ልጅ።

«እየተኛ ነው እንላለን። ስድስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ሦስት ከሆነስ?»

«መሮጥ ነዋ!»

«መሮጥ ነው። ግን ከመሮጥ በፊት መጻፍ ነው፤ ካልተጻፈ የሚሮጥ የለም። እዚህ ከአሥራ አምስት ካለፈ ሥራ ይቆማል፤ አለቃ የለ፣ የአለቃ አለቃ የለ።» ከደረት ኪሷ መዳፍ የሚያህል፣ ጠንካራ አረንጓዴ ልባስ ያለው ደብተር አወጣች። «ይሄ ነው ነገሩ ሁሉ። በእርሳስ ብቻ ይጻፋል። ላጲስ የያዘ ሰው ግን ከእኔ ጋር አይሠራም። ከተሳሳታችሁ አንድ መስመር ታሰምሩበታላችሁ፤ ከሥሩ ያለው መነበብ አለበት። ትክክለኛውን ከጎኑ ትጽፋላችሁ። አንድ ነገር ከደበቃችሁ ደብተር አይደለም።»

ቺዙሩ ወደ ደብተሩ ጠጋ አለች። «ይሄንን ደብተር ሁሉም ነው የሚይዘው?»

«የሚለካ ሁሉ።»

«በፊትም?»

«የእኔ መምህርም፣ የመምህሬ መምህርም። ልባሱ እንኳ አልተቀየረም። ምነው?»

«ምንም» አለች ቺዙሩ።

ያን ቀን ቤት ስትደርስ እናቷ ሥራ ላይ ነበረች። የአባቷ ፎቶ ያለበት፣ ሙት የሚታሰብበት የእንጨት መሠዊያ ሳሎኑ ጥግ ላይ ነው፤ ከሥሩ መሳቢያ አለው። መሳቢያው ውስጥ ያለውን የአባቷን አረንጓዴ ደብተር ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ስምንት ዓመቷ ላይ ገልጣው ቁጥር ብቻ ሆኖባት መልሳዋለች፤ የሰው አባት ዓሣ ማጥመድ ይወዳል፣ የእኔ ደግሞ ቁጥር ይወድ ነበር ብላ። አሁን ቦቲዋን በር ላይ አውልቃ፣ እጇን ታጥባ፣ መሬት ላይ ተንበርክካ ገለጠችው።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስድስት፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ ይላል። ከአንዱ ቀጥሎ በደቃቅ ጽሕፈት «ተኛ» ተብሎ ተጽፏል። ቀጣዩ ቦታ፦ ሰባት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ዜሮ። «ተኛ።» ሌላ ገጽ፣ ሌላ ቦታ፣ «ተኛ»። አንዱ ላይ «በመጨረሻ ተኛ፣ ምን ያለው ግትር ነው» ብሎ ቀልዷል። ቺዙሩ ሳቀች፤ ከዚያ እንባዋ መጣ። የአባቷን ድምፅ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው በየጠዋቱ ተራራውን ሲያስተኛ ኖሯል።

የመጨረሻው ገጽ ላይ አምስት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት ይላል። አራተኛው ቀን አሥራ ስድስት ተጽፎ መስመር ተሰምሮበታል፤ ከጎኑ ዘጠኝ ተብሏል። አምስተኛው ቀን ሃያ፤ መስመር፤ ከጎኑ ስምንት። ስድስተኛው ቀን ሃያ አራት፤ መስመር፤ ስምንት። መስመሮቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ናቸው፣ ቀጥ ያሉ። ከሥራቸው ያለው ፍንትው ብሎ ይነበባል። ከዚያ በኋላ ባዶ ገጽ ነው።

ቀኑን አየች። ስድስተኛው ቀን እናቷ ምሳ ይዛ የገባችበት ዕለት ነው። ያን ጠዋት፣ እናቷ ገና ሩዙን ሳትቀቅል፣ ተራራው ሃያ አራት ሚሊሜትር ገፍቷል። ከዚያ በፊት አምስት ቀን ሙሉ ሲገፋ ኖሯል። እናቷ አይደለችም! አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሰው ኋላ የቆመችው በከንቱ ነው። ቺዙሩ ብድግ ብላ ወደ በሩ ሮጠች፤ ፍጅል ድርጅቱ ድረስ ሄዳ፣ ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት ልትጮኸው። አንዱን ጫማ አደረገች።

ሁለተኛውን ሳታደርግ ቆመች። መስመሩን ያሰመረው ማነው? ዘጠኙን፣ ስምንቱን የጻፈው የማን እጅ ነው? «ተኛ» ብሎ የቀለደው ያው እጅ ነው። ከእሱ ጋር ሦስት ሰው ሞቷል፤ አንዱ የሺኖ ባል ነው። እናቷን ንጹሕ ናት ካለች በዚያው አፍ አባቷን ልትከስ ነው። አንድ እግሯ በጫማ፣ አንድ እግሯ በካልሲ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

አራት ቀን በሆዷ ያዘችው። መጽሐፍ ልትመልስ ከተማ ስትሄድ አርባ ሦስተኛው መብራት ላይ ትንፋሿን መያዝ ረሳች፤ መስኮቱን ላለማየት ስትታገል ነበር። አንድ ጊዜ ዓይኗ አምልጧት መስኮቱ ውስጥ ያለውን ፊት አየችው። አገጩ ያው ነው። ፊቱ ግን የሚለምን መሰላት፤ ምን እንደሚለምን አልገባትም፤ ንገሪ ይሁን አትንገሪ።

እሑድ ቀትር ላይ ታኤኮ ወጥ ቤት ቆማ ፍጅል ትቆርጥ ነበር። ቺዙሩ ደብተሩን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቢላው ቆመ።

«አነበብሽው» አለች ታኤኮ። ጥያቄ አልነበረም።

«አነበብኩት።»

«ስንት ይላል?»

«ሃያ አራት ይላል። ከጎኑ ስምንት።»

ታኤኮ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሃያ አራት» አለች ቀስ ብላ። «እኔን ‹ብዙ ነው› ብቻ ነበር ያለኝ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ራሱ ነገረኝ። ዝናብ ነው፤ በስብሶ ገባ። እራት አቀረብኩለት፣ አልነካውም። የመሐንዲሶቹ ሹም በረዶ ሳይወርድ ማዶ መድረስ አለብን ብሏል፣ ተራራው መተኛቱ አይቀርም፣ ለጥቂት ቀን አሳንሰህ ጻፍ አለኝ አለ። ‹ይተኛል?› አልኩት። ‹አላውቅም› አለኝ። አባትሽ ስለ ተራራ አላውቅም ሲል ያን ቀን ነው የሰማሁት። በማግሥቱ ምሳውን ሰበብ አድርጌ ገባሁ።»

«ልታስወጪው?»

«ቺዙሩ አተኩሷታል፣ ሐኪም ቤት እንውሰዳት፣ ና ውጣ አልኩት። አንቺ አክስትሽ ደጅ ጭቃ ታቦኪ ነበር። እነ ጌንዞ ሥራ አቁመው ያዩናል። አፈረ። ‹ነገ ሹሙን አናግረዋለሁ፤ አሁን ውጪ› አለኝ። እኔም አፈርኩና ወጣሁ። ማታ ጃኬቱን እንዲደርቅ ሰቀለው፤ ጠዋት ሌላ ለብሶ ሄደ። ደብተሩ ኪሱ ውስጥ ነበር። ረስቶት ይሁን ትቶት እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ቺዙሩ «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አለች። «ሲያንሾካሹኩብሽ፣ አበባሽን ሲያነሱ!»

«ቀብር ላይ ሦስቱ ሴቶች ፊት ግንባሬን መሬት አስነክቼ ይቅርታ አልኩ። ስለ እሱ ነበር። ለካ ጌንዞ ‹ገብታ ነበር› ብሎ ነግሯቸው ኖሯል፤ ስለ ራሴ መሰላቸው። ቀና ስል ዓይናቸው ላይ አነበብኩት። ያኔ አንድ ቃል ብናገር ያበቃ ነበር።» የፍጅሉን ልጣጭ በጣቷ ሰበሰበች። «ሙት ወቃሽ ልሁን? እሱ ተነስቶ መልስ አይሰጥ። እኔ አለሁ፤ ጎንበስ እላለሁ፣ ቀና እላለሁ፣ ይችሉኛል፣ እችላቸዋለሁ። ደግሞስ ተራራ ያስቆጣች ሴት ልጅ መሆንና የሦስት ሰው ደም ያለበት ሰው ልጅ መሆን አንድ ነው? መርማሪዎቹ መጥተው ደብተሩን ሲጠይቁኝ ከእሱ ጋር ሳይቀበር አይቀርም አልኳቸው።»

«አንቺ ግን ምንም አላደረግሽም እማ።»

«አሥራ ስድስት ዓመት ሲሉሽ ኖረው...» ታኤኮ አልጨረሰችውም። «አንዳንዴ እኔም እንደነሱ ሳስብ ራሴን አገኘዋለሁ። ቁጥሩን አላውቀውማ። ምናልባት ትንሽ ነበር፣ ምናልባት እኔ ባልገባ ይተኛ ነበር እላለሁ። ሃያ አራት ነው ያልሽኝ?»

«ሃያ አራት። ሥራ መቆም የነበረበት አሥራ አምስት ላይ ነው።»

ታኤኮ ቀያይ ጣቶቿን ፊቷ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ለረጅም ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ቺዙሩ ምን ማድረግ እንዳለባት ጠፍቷት ቆመች፤ እናቷ ስታለቅስ አይታ አታውቅም።

«ለእትዬ ሺኖ እንንገራት» አለች በመጨረሻ።

«ሂጂ። አልከለክልሽም፤ ከዛሬ ወዲያ ያንቺም ነው።» ታኤኮ ፊቷን ጠረገች። «በሩን ራሷ ነች የምትከፍትልሽ። ‹ግቢ ልጄ፣ ምን ልቅዳልሽ› ትልሻለች። ከዚያ ምን ብለሽ ትጀምሪያለሽ?»

ቺዙሩ መጀመሪያውን ፈለገች። አላገኘችውም።

«ያን ቀን መምህርሽ ፊት አይሆንም ያልኩሽ ተራራውን ፈርቼ አይደለም» አለች እናቷ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መሐንዲስ ሆነሻል እንበል። ጠዋት ለካሽ፤ ሃያ አራት። ሹምሽ ክፉ ሰው አይደለም፤ ስትቀጠሪ ያስተማረሽ፣ ስትታመሚ ሾርባ ያመጣልሽ ሰው ነው። በረዶ ሊወርድ ነው። ወንዶቹ ለአዲስ ዓመት ልጆቻቸው ጋ መግባት አለባቸው። ሹሙ ሁለት እጁን ገጥሞ ‹እባክሽ፣ ለዛሬ ብቻ ስምንት በዪው› አለሽ። ምን ታደርጊያለሽ?»

ሃያ አራት እጽፋለሁ ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ከዚያ ሾርባ ያመጣላት ሰውዬ ታያት፣ ፊት ያልነበረው ሰውዬ ፊት አወጣ፤ ጎንበስ አለ። ሰዎቹም ታዩዋት፣ ሻንጣቸውን አዘጋጅተው የሚጠብቁ። ለእናቷ ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ ስትል ቃሉ እንዴት ቀሏት እንደወጣ ትዝ አላት። አፏን ዘጋች። የምትፈራው ከመስኮቱ ውስጥ የሚያያትን ሰው አልነበረም፤ አገጯን ነበር።

ታኤኮ ጠበቀቻት። ረጅም ጊዜ ጠበቀቻት።

«ጎሽ» አለች። «አባትሽን ሳንጋባ በፊት ይሄንኑ ጠይቄው ነበር። ሳልጨርስ ነው ‹የለካሁትን እጽፋለሁ› ብሎ የመለሰልኝ።»

እጇን በሽርጧ አደረቀችና ለወረቀቱ ማኅተሟን ልታመጣ ተነሳች።